መብራትና ቧንቧ በሌለበት ሐይቅ ዳር በካራቫን ለማደር፦ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሂሳብ ሥሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ሁለት ልጆች ይዛችሁ፣ በተጎታች ካራቫን (በመኪና በሚሳብ ቤት)፣ ሐይቅ ዳር ያለ ፓርክ ውስጥ አራት ሌሊት ልታድሩ ነው። ፓርኩ መብራት የለውም፣ የቧንቧ ውሃም የለውም፤ ያለው የጉድጓድ ሽንት ቤትና በእጅ የሚሠራ አንድ የውሃ ፓምፕ ብቻ ነው። «ምን ምን እንያዝ?» ብለሻል። ምግቡንና ልብሱን ለእናንተ ልተወው። እንዲህ ያለ ቦታ የሄደ ሰው በሁለተኛው ቀን ጓዙን ጠቅልሎ የሚመለሰው ስንቅ አልቆበት አይደለም። ወይ ሌሊት ባትሪው ሞቶበት ነው፣ ወይ የእጥበት ፍሳሽ ታንከሩ ሞልቶበት ነው።

1. ቦታ ከማስያዝሽ በፊት ካራቫኑን በሜትር ለኪው። በሞዴሉ ስም ላይ ያለውን ቁጥር አትመኚ፤ ብዙ ጊዜ የፊቱን መጎተቻ አይቆጥርም። ከጋንቾው ጫፍ እስከ ኋላ መከላከያው ድረስ ለኪ፤ ቁመቱንም ጣሪያ ላይ ካለው ኤሲ ጫፍ ጀምረሽ ውሰጂ፣ የእንዲህ ያለ ፓርክ መንገድ ቅርንጫፉ ዝቅ ያለ ነውና። ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞች ኮምፒውተር ላይ ያለውን አንድ ቁጥር አይተው «ይገባል» ብለው ይዘጉብሻል። ይህ በጣም ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ሳይገባ ቢቀር የሚጠፋው ብር የአንቺው ነው። ስለዚህ ለይተሽ ጠይቂ፦ የተጻፈው ርዝመት የሚጎትተውን መኪና ይጨምራል? መሬቱ ወዴት ያዘነብላል? ጎን የሚከፈት ክፍል ካለው ዛፉ ስንት ሜትር ይርቃል? መልሱን በጽሑፍ አስልኪ።

2. ውሃ። 150 ሊትር ታንከር ሞልቶ ሲጓዝ 150 ኪሎ ጭነት ነው። ታንከሩ ከጎማዎቹ በስተኋላ ከሆነ ደግሞ ጋንቾው ላይ የሚያርፈውን ክብደት ያቀለዋል፤ ያ ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ካልሆነ ካራቫኑ በፍጥነት መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ ከሞላሽ በኋላ አስመዝኚው። ታንከሩን ከጉዞው በፊት በበረኪና እጠቢው፦ ሽታ ያልተጨመረበት፣ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር፣ መጀመሪያ በባልዲ ውሃ በጥብጠሽ። ሁሉንም ቧንቧ ሽታው እስኪመጣ ክፈቺ፣ ይደርበት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ሞልተሽ አፍስሺ። ፓርኩ ላይ ካለው የእጅ ፓምፕ ላይ የውሃ ጎማ መግጠም ስለማይቻል ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካንና ረጅም አንገት ያለው ማፍሰሻ ያዢ።

ውሃ መቅዳት ግን ቀላሉ ነው፤ ችግሩ የተቀዳው ውሃ የት ይሂድ የሚለው ነው። አራት ሰው ውሃውን እየዘጋ በቁጠባ ቢታጠብ እንኳ በሰው 8 ሊትር ይወስዳል። እቃ ማጠቢያና እጅ መታጠቢያ ሲጨመር በቀን 50 ሊትር ያህል ወደ ፍሳሽ ታንከሩ ይወርዳል፤ በሦስተኛው ቀን ይሞላል፣ ሲሞላ ደግሞ መልሶ የሚወጣው በሻወሩ ወለል ነው። እቃውን በሳፋ እጠቡና ውሃውን የት እንደሚደፋ ፓርኩን ጠይቂ። ሐይቁ ውስጥ፣ ዳሩም ላይ ቢሆን፣ በሳሙና አትጠቡ፤ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ። ቀን ቀን የፓርኩን ሽንት ቤት ተጠቀሙ። በካራቫኑ ሽንት ቤት ታንከር ውስጥ ከመጀመሪያው 10 ሊትር ውሃ ጨምሪበት፣ ካልሆነ ደረቁ ተቆልሎ ይጋገራል።

3. ባትሪ። ዋናው ነገር ይህ ነው።

100 አምፔር ሰዓት (ስንት አምፔር ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ የሚለካበት ነው) የተጻፈበት የተለመደ የእርሳስ ባትሪ እንዳይጎዳ ከፈለግሽ የምትጠቀሚው ግማሹን፣ 50ውን ነው። አሁን ደምሪ። የጋዝ ማሞቂያው እሳቱ ከጋዝ ቢሆንም አየሩን የሚገፋው ፋን በባትሪ ነው የሚሠራው፤ 7 አምፔር ያህል ይስባል። በብርድ ሌሊት እየበራ እየጠፋ በጠቅላላው 4 ሰዓት ቢሠራ 28 ሄደ። ፍሪጅሽ በ12 ቮልት ኮምፕሬሰር የሚሠራ ከሆነ በቀን 40 ያህል ጨምሪ። መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቀንም ሌትም የማይጠፉት የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎች ተደምረው ወደ 8 ይጠጋሉ። 76 ሆነ፤ ያለሽ 50 ነበር።

ሊነጋ ሲል የሚሆነው እንዲህ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ፋኑ ይዞራል እንጂ በዝግታ ነው። ማሞቂያው ውስጥ አየር ሲገፋው ብቻ ገጥሞ ኮረንቲ የሚያሳልፍ ትንሽ ስዊች አለ፤ አየሩ ሲደክም እሱ አይገጥምም፣ እሱ ካልገጠመ ደግሞ ጋዙ አይለኮስም። ቀዝቃዛ አየር ብቻ ይነፍሳል። ሰው ጋዝ አለቀ ብሎ በጨለማ ሲሊንደር ሲቀይር ያድራል፣ ሲነጋ ደግሞ ማሞቂያው ተበላሸ ብሎ ባለሙያ ይጠራል። ሲሊንደሩ ግን ሙሉ ነው፣ ማሞቂያውም ደህና ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ቴስተር ያዢና ባትሪውን ለኪ።

መፍትሔው ሁለተኛ ባትሪ መጨመር ነው፤ ቢቻል የሊቲየም ይሁን፣ እሱ አብዛኛውን አቅሙን ይሰጣል። ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች አይሞላም፣ የካራቫኑ ቻርጀርም ለሊቲየም የሚሆን መሆኑን አረጋግጪ። በ100 ዋት ሶላር አትዘናጊ። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 25 ወይም 30 አምፔር ሰዓት ይሰጣል፣ ሐይቅ ዳር ጥላ ሥር ከቆማችሁ ግን ምንም አይረባም። መሬት ላይ የሚቀመጠውን ዓይነት ከወፍራም ገመድ ጋር ይዘሽ ፀሐይ ወዳለበት አውጪው። መኪናውን አስነስቶ ባትሪ መሙላትም ያው ነው፤ እስከ ካራቫኑ ያለው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ጥቂት አምፔር ብቻ ያሳልፋል። ጄነሬተር ካላችሁ ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ባትሪው ዝቅ ባለበት ሰዓት፣ ለሁለት ሰዓት ያህል አስነሺው። የእርሳስ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ቶሎ ይሞላል፣ የቀረችው 20 ግን ግማሽ ቀን ትፈጃለች፤ እሷን ለሶላሩ ተዪለት። ጄነሬተሩ ከማንኛውም መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭሱም ወደ ጎረቤት አይዙር። ኢንቨርተር (የባትሪውን ኮረንቲ ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ) ላይ የፀጉር ማድረቂያ እንዳትሰኪ፤ 1000 ዋቱ ከባትሪው 90 አምፔር ይመዛል።

ጋዙም ሂሳብ አለው። 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚል ማሞቂያ በሰዓት ከ0.6 ኪሎ በላይ ያቃጥላል። በሌሊት 4 ሰዓት ቢነድ ለአራት ሌሊት 10 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ባለ 9 ኪሎው ሲሊንደር ሁለት ይሁን።

ስትደርሱ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ፦ በውሃ ልክ እያያችሁ ግራና ቀኙን ጎማው ሥር ጣውላ አስገብታችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ ጎማዎቹ ላይ በሁለቱም በኩል ታኮ አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከመኪናው ፍቱት፣ የፊትና ኋላውን መጨረሻ በፊቱ ክሪክ አስተካክሉ። ታኮ ሳይደረግ የተፈታ ካራቫን ሐይቅ ዳር ወዴት እንደሚንከባለል ግልጽ ነው። የማዕዘን ክሪኮቹ እንዳይነቃነቅ ለመደገፍ እንጂ ለማንሳት አልተሠሩም፤ ዳሩ ላይ መሬቱ ስለሚለሰልስ ሥራቸው ሰፊ ጣውላ አንጥፉ። በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ካላችሁ ማስተካከሉ ለምቾት ብቻ አይደለም። ውስጡ ያለው የአሞኒያ ድብልቅ በራሱ ቁልቁለት ነው የሚወርደው፤ አዘንብሎ ከቆመ በሚሞቀው ቱቦ ውስጥ ይቆምና ይደርቃል፣ ቱቦው ይደፈናል፣ ከዚያ የሚጠገን አይደለም።

ከካራቫኑ ጎን የሚዘረጋውን ጥላ ዘርግታችሁ ለእግር ጉዞ አትሂዱ። የሐይቅ ንፋስ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይነሳል፣ ክንዱንም ይጠመዝዘዋል።

ጎማውን በጥርሱ አትመዝኚ። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቢ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ስድስት ዓመት ካለፈው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ይቀየር። የጎማዎቹን ዳዶዎች ከተነሳችሁ ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ።

እና አሁኑኑ፣ ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ ካራቫኑን ደጃችሁ አቁሙና መብራት ሳትሰኩ አንድ ሌሊት እደሩበት። ማሞቂያው፣ ፍሪጁ፣ መብራቱ ሁሉ እንደዚያው እንደ ፓርኩ ይሥራ። ጠዋት ፀሐይ ሶላሩን ሳያገኘው ሁሉንም አጥፊ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቂና በቴስተር ለኪ። ሙሉ የእርሳስ ባትሪ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ ከ12.1 በታች ካነበበ ግማሹን አልፈሻል፣ ሁለተኛውን ባትሪ ለመግዛት ሳምንት አለሽ። ያነበብሽውን ቁጥርና የባትሪውን ዓይነት እዚሁ ጻፊልኝ፣ ሂሳቡን አብረን እንሠራዋለን።