ላሜ ጨነገፈች፤ በባዮሴንሰር ልመርምራት? (መልስ)

ወንድሜ፣ ከሸኖ «ላሜ በሰባት ወሯ ጨነገፈች፤ የውርጃ በሽታ ይሁን አይሁን በባዮሴንሰር እቤቴ ማወቅ እችላለሁ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አይዞህ። ግን እሱን አትጠብቅ።

ባዮሴንሰር የመመርመሪያ መሣሪያ ነው፤ የውርጃ በሽታን የሚያመጣውን ባክቴሪያ (ብሩሴላ) ወይም ላሟ እሱን ለመከላከል የምታመነጨውን ፀረ እንግዳ አካል ለይቶ የሚይዝ ነገር ይለጠፍበታል። ሲይዘው ለውጡ ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ወደ ብርሃን ምልክት ይቀየራል። ሐሳቡ በጣም ደስ ይላል፤ በደቂቃዎች ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ችግሩ ወተት ሲመረመር ነው። ስቡና ፕሮቲኑ ምልክቱን ይረብሹታል። ለብሩሴላ የተሠሩት አብዛኞቹም ገና ምርምር ላይ ናቸው።

ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ጠርተህ ደም አስወስድ። ሮዝ ቤንጋል የሚባለው ምርመራ ርካሽና ፈጣን ነው። ፖዘቲቭ ከሆነ ኤላይዛ በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ይረጋገጥ። ተከትባ ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው፤ ክትባቱም ፖዘቲቭ ሊያስመስል ይችላል።

እስከዚያው ግን እባክህ ተጠንቀቅ፣ በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል። ጽንሱንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንካ። ውሻ እንዳያወጣው በጥልቅ ቅበረው። ላሟን ከሌሎቹ ለያት። ወተቱን ሳታፈላ ማንም እንዳይጠጣ፣ ልጆች በተለይ። ውጤቱ ሳይታወቅም ገበያ አውጥተህ እንዳትሸጣት፤ የሌላ ሰው በረት ይበከላል።