ቡድኔ ሲሸነፍ ቁጥር 11ን ነው የማየው

ወንድሜ፣ «ቡድኔ አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ፤ መሥሪያ ቤት ሙድ ይዘውብኝ ሊገድሉኝ ነው፤ ማየት ላቁም ወይስ ቡድን ልቀይር?» ብለህ ጠይቀሃል። እስካሁን የተሰጡህን መልሶች አየሁ። ግማሹ «ቀይር» ይልሃል። ግማሹ «ቻለው» ይልሃል። «ቻለው» እኮ ምክር አይደለም። አንተ የጠየቅከው እንዴት እንደሚቻል ነው።

እኔ ማንቼ ነኝ፣ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ። ሽንፈትን እንደማውቅ ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ስለ መቀየሩ ባጭሩ ልመልስልህ። አትቀይር የምልህ ነውር ስለሆነ አይደለም፤ ስለማይሆንልህ ነው። ሞክሬዋለሁ። አንድ ወር ያህል ሲቲን ደገፍኩ። ጎል ሲያገቡ የማጨበጭበው ሙሽራውን እንደማያውቅ የሰርግ እድምተኛ ነበር። ዓይኔ እዚያ ሆኖ ልቤ «የኛ ልጆች ስንት ለስንት ሆኑ?» ይላል። ተውኩት።

ብዙ የማወራህ ማየት ስለማቆሙ ነው።

አሰልጣኝ ሩበን አሞሪም ማንቸስተር ዩናይትድን ይዞ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የነቢያት ጾም የገባው በዚያው ዕለት ነው። ከኢፕስዊች ጋር 1 ለ 1 ወጣን። ጾሙ እኛንም እንደሚመለከት ያኔ አልገባኝም ነበር። ፈረንጆቹ ዲሴምበር በሚሉት ወር በአርሰናል 2 ለ 0፣ በኖቲንግሃም ፎረስት 3 ለ 2፣ በቶተንሃም 4 ለ 3፣ በቦርንማውዝ 3 ለ 0፣ በዎልቭስ 2 ለ 0፣ በኒውካስል 2 ለ 0 ተሸነፍን። በአንድ ወር ስድስት ጊዜ። የመጨረሻዎቹ አራቱ ደግሞ ተከታታይ ናቸው። ጾሙን የያዘ ሰው ቢያንስ የገና በዓል መቼ እንደሆነ ያውቃል። እኛ እሱንም አናውቅም።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ማንቼ አለ። ፎረስት ሜዳችን ኦልድ ትራፎርድ ድረስ መጥቶ ሲያሸንፈን «በቃኝ» አለ። ስልኩ ላይ ያለውን የውጤት አፕ ሳይቀር አጠፋው። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 6፣ ሲቲ ሜዳ ገባን። 1 ለ 0 እየተመራን 88ኛው ደቂቃ ደረሰ። ብሩኖ በሪጎሬ አቻ አደረገን። በ90ኛው አማድ ደገመ። በማግስቱ ያ ልጅ ቢሮ ገብቶ «እስቲ እንዴት ነበር?» አለኝ። ልነግረው ሞከርኩ። እጄን አወናጨፍኩ፣ ወንበር አንቀሳቀስኩ፣ አልሆነም። እንዲህ ያለ ጎል በአፍ አይነገርም። ፊቱን ብታየው ታዝን ነበር።

የምናየው አራት ኪሎ ነው። ድሮ ካዛንቺስ ነበርን። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ዲኤስቲቪ ቤቱም ሄደ፣ ደጋፊውም ተበተነ። ግማሹ ከተማው ዳር ደረሰው። የቀረነው ጥቂቶች አራት ኪሎ ውስጥ ለውስጥ አንድ ቤት አገኘን። ጠባብ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሠላሳ ምናምን የፕላስቲክ ወንበር፣ በር ላይ መግቢያ የሚሰበስብ ልጅ። ሁለት ጨዋታ እኩል ሲገጥም ድምፅ የሚለቀቀው ብዙ ደጋፊ ላለው ቡድን ነው። በዚያ ወር ድምፁን ለአርሴዎች፣ ለአርሰናል ደጋፊዎች፣ አስረከብን። ኳስ ያለ ድምፅ አይተህ ታውቃለህ? አንተ ላይ ጎል ሲቆጠርብህ ከጎን ያለው ቴሌቪዥን ስለ ሌላ ሰው ደስታ ይጮሃል።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ። ቦርንማውዝ ሜዳችን መጥቶ ሦስት ሲያገባብን 500 ብሬም አብሮ ሄዷል። ቡድኔ ያሸንፋል ብዬ ቤቲንግ ቆርጬ ነበር። ስለዚህ ለዎልቭሱ ጨዋታ ብልጥ ሆንኩ። ይሸነፋል ብዬ ቆረጥኩ። ካሸነፈ ደስ ይለኛል፣ ከተሸነፈ ብር አገኛለሁ፣ በየትኛውም በኩል አልከስርም ብዬ አሰላሁ። ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ ማታ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ብሩኖ ቀይ ወጣበት። ትንሽ ቆይቶ ያኔ የዎልቭስ የነበረው ኩኛ ኮርና መታ። ኳሷ ታጥፋ ቀጥታ መረብ ገባች።

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ሁለት እጄ ወደ ላይ ወጥቷል። «ጎል!» የሚለው ቃል ግማሹ ከአፌ ወጥቷል።

ቤቱ ጭጭ ብሏል። ከኔ ሌላ የቆመ የለም። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ቁጭ አደረጉኝ፣ ሕፃን እንደሚያስቀምጡ። ብሩን በማግስቱ ተቀበልኩ። ጫማ ገዛሁበት። ጫማው ጠበበኝ።

እንግዲህ አንደኛው ነገር ይሄ ነው። በራስህ ቡድን ላይም ሆነ ለራስህ ቡድን ቤቲንግ አትቁረጥ። ብሩ ስለሚበላህ ብቻ አይደለም። ጎል ሲገባ ምን እንደሚሰማህ ይጠፋብሃል።

እኚህ ጋሼ ጡረተኛ ናቸው። የአገር ውስጡን የሚደግፉት ኢትዮጵያ ቡናን ነው፣ ገና «ቡና ገበያ» ከሚባልበት ጊዜ ጀምሮ። አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ነበር ቦታቸው። ስታዲየሙ ለእድሳት ሲዘጋ ነው ወደኛ ቤት የገቡት። ክለባቸው በ1968 ዓ.ም. ተመሥርቶ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ2003 ዓ.ም. ነው። እሱንም አንዴ። ጊዮርጊስ ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ እዚያው ስታዲየም፣ ዋንጫውን እንደ ደመወዝ ነበር የሚቀበለው። ስለ ሽንፈት ሰው መጠየቅ ካለብህ ጋሼን ጠይቅ። እኔም ከዎልቭሱ ጨዋታ በኋላ ጠየቅኳቸው። እፍረቱም ስላለብኝ ወሬ ማስቀየሬ ነበር።

«ሲሸነፉ አስራ አንዱንም ልጆች አላይም» አሉኝ። «አንዱን ነው የማየው።»

መጀመሪያ የሽማግሌ ጨዋታ መሰለኝ። ከዚያ አስረዱኝ። ዓመቱ ሲጀመር ከቡድኑ አንድ ልጅ ይመርጣሉ። ቡድኑ ሲያሸንፍ እንደማንኛውም ሰው ኳሷን ይከተላሉ። መሸነፍ ሲጀመር ኳሷን ይተዋሉ። ልጁን ብቻ ያያሉ። ኳሷ ሌላ ጋ ስትሆን የት ይቆማል? ሲሳሳት ዳኛ ያያል ወይስ መሬት? ካበላሸ በኋላ ኳስ ይጠይቃል ወይስ ከተከላካዩ ጀርባ ይደበቃል? ይሄን ስታይ 90ው ደቂቃ አይበቃህም። ሦስት ለባዶ እየተመራህ እንኳ የምታየው ነገር አለህ። «ውጤቱ የአሰልጣኙ ሥራ ነው፤ እሱ ደመወዝ ይከፈለዋል» አሉ። እኔ ለራሴ ስሞክረው አንድ ነገር ገረመኝ። ስናደድ የኖርኩት በቡድን ነበር። በአንድ ሰው ላይ ግን ዓይንህን ጥለህ አንድ ሰዓት ካየኸው ለመሳደብ ይከብዳል።

የዚያ ዓመት ምርጫቸው ቁጥር 11 ነበር። ዚርክዚ። ከቦሎኛ የመጣው ረጅሙ ልጅ። በመጀመሪያ ጨዋታው ፉልሃም ላይ በ87ኛው ደቂቃ ሲያገባ ነው የመረጡት። ከዚያ ወዲህ ጎሉ አልበረከተም። «ጋሼ፣ አይቀየርም እንዴ?» ስላቸው «የዓመት ነው» ይላሉ።

ኒውካስል የመጣብን ታኅሣሥ 21 ሰኞ፣ በኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። በማግስቱ ሥራ አለ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰባት ሰው ነበርን። ኢሳክ በ4ኛው ደቂቃ፣ ጆኤሊንተን በ19ኛው አገቡብን። በ33ኛው ደቂቃ የቅያሪ ሰሌዳው ወጣ። 11 ይላል። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የተጫወተው። የገዛ ሜዳው ላይ፣ የገዛ ደጋፊው ቁጥሩን ሲያይ አጨበጨበ። ልጁ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ቀጥታ ወደ ውስጥ ገባ።

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

እኔ ጨዋታው እዚያው ያለቀ መሰለኝ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ሜዳውን ሳይሆን የተጠባባቂዎቹን ወንበር ነው የሚፈልጉት። ካሜራው ደግሞ ወዲያ አይዞርም። ከቆይታ በኋላ አንዴ አሳየ። ልጁ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «አየኸው? መጥቷል» አሉኝ። ሁለት ለባዶ ተሸንፈን በሌሊት በእግር ወደ ቤት ስንሄድ የሚያወሩት ስለዚያ ነበር፣ ልጁ ተመልሶ ስለመቀመጡ።

ከኛ የባሰም አለ፣ እሱንም ልንገርህ። የአክስቴ ልጅ ቺካጎ ነው የሚኖረው። ኳሱን ትቶ ቤዝቦል ገብቷል። ዋይት ሶክስ የሚባለውን ይደግፋል። በ2024 በፈረንጅ አቆጣጠር ይሄ ቡድን 21 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በትክክል አንብበሃል፣ ሃያ አንድ። ቤዝቦል እንደኛ በሳምንት አንዴ አይደለም። በዓመት 162 ጨዋታ አላቸው፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል። እኛ ብንሸነፍ ቁስሉ እስኪሽር ስድስት ቀን አለን። እነሱ ማክሰኞ ተሸንፈው ረቡዕ ይሸነፋሉ። ልጁ መኪና ሲነዳ በሬዲዮ ይሰማል፣ አንዱንም አላሳለፈም። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ደወለና በስልኩ ውስጥ ጮኸብኝ። ዋንጫ የወሰዱ መስሎኝ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» አልኩት። ለካ ኦክላንድን 5 ለ 1 አሸንፈው መሸነፉ ተቋርጦ ነው። ዓመቱን 121 ጊዜ ተሸንፈው ጨረሱ። በዘመናዊው ቤዝቦል ይሄን ያህል የተሸነፈ ቡድን አልነበረም። እሱ ግን ያቺን አንዲት ቀን እስከ ዛሬ ያወራታል።

መሥሪያ ቤት ስለሚይዙብህ ሙድ ብዙ አትጨነቅ። ጠዋት ስትገባ ቀድመህ ተናገር። «ሦስት ገባብን፣ አራተኛው በኦፍሳይድ ነው የተረፍነው» በል። ሌሊቱን ፉገራ ሲያዘጋጅ ያደረ ሰው ወሬውን ከቀማኸው ግራ ይገባዋል። ማኪያቶ ጋብዝ ካሉህ ጋብዝ። ዞሮ ይመጣል፤ የአርሰናል ደጋፊ ደግሞ ማኪያቶ መመለስ እንዳለበት ከሁሉም በላይ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ተነሣን ብዬ አልዋሽህም። ሊጉን 15ኛ ሆነን ጨረስን፣ በ42 ነጥብ። የዩሮፓ ፍጻሜውንም ግንቦት 13 ቢልባኦ ላይ በቶተንሃም 1 ለ 0 ተነጠቅን። ግን ጥር 4ን ላጫውትህ።

ጾሙ ወጥቷል። ገና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ከሊቨርፑል ጋር አንፊልድ ላይ 2 ለ 2 ወጥተን ትንሽ ነፍስ ዘርተናል። እሁድ ነው፣ ምሽት 12 ሰዓት፣ ኤፍኤ ካፕ፣ የአርሰናል ሜዳ ኤምሬትስ። ቤቱ በአርሴ ጢም ብሎ ሞልቷል። ድምፁም የነሱ ነው። ብሩኖ በ52ኛው አገባ። ዳሎት በ61ኛው በቀይ ወጣ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጋብሬል አቻ አደረጋቸው። ከዚያ ሪጎሬ ተሰጣቸው፤ በረኛችን ባዪንዲር የኦዴጋርድን አዳነ። አርሴዎቹ ጭንቅላታቸውን ይዘው ተነሡ። በአስር ሰው ጭማሪውን ሰዓት ጨርሰን መለያ ምት ደረስን። ባዪንዲር የሃቨርትዝን ደግሞ መለሰ። የኛዎቹ አራቱም አገቡ።

አምስተኛው መቺ ከመሀል ሜዳ እየተራመደ መጣ። ጀርባው ላይ 11 አለ። ካገባ ጨዋታውን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ዞር ብዬ ጋሼን አየኋቸው። ኮፍያቸው እንደዚያ ሌሊት ጉልበታቸው ላይ ነው። ቴሌቪዥኑን እንጂ እኔን አያዩኝም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚሉ ግን አይሰማም።

መታ። ገባ። እኛ ስድስት ወይ ሰባት ብንሆን ነው፤ ወንበሩ እንዴት እንደተገለበጠ እንጃ። አንዱ አርሴ «ይሄ በ33 ደቂቃ የተቀየረው ልጅ አይደለም እንዴ?» እያለ ጓደኛውን ይጠይቃል።

ጋሼ ኮፍያቸውን አራገፉና አደረጉ። ከዚያ በር ላይ ያለውን ልጅ ጠርተው «ሒሳብ» አሉ፤ የኔንም ጨምረው ከፈሉ።