ችግኜ ቁመት ብቻ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ እንዴት ነህ? ቲማቲም በወተት ጣሳ ዘርቼ፣ የድሬ ፀሐይ እንዳያቃጥልብኝ ብዬ ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። በቀለ፤ ግን ቀጥኖና ገርጥቶ ወደ መስኮቱ ተጋደመ። ግማሹን ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ስር አወጣሁት። እሱም ቁመት ብቻ ሆነ። የቀረውን ሜዳ ላይ ባወጣው በአንድ ቀን ቅጠሉ ነጣ። ጎረቤቴ ዩሪያ ጨምሪበት ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ሮዝ የሚያበራውን የአትክልት አምፖል ልግዛልሽ ይላል። ምን ይሻለኛል?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አንቱ ሳትይኝ በመጻፍሽ የድሬ ልጅ መሆንሽን አድራሻሽን ሳላይ አወቅኩ። እኛ ሐረሮች ይህን እንወድላችኋለን።

ዩሪያውን እርሺው። ችግኝሽ አልራበውም፣ ብርሃን ነው ያጣው። በዚህ ላይ ዩሪያ የሚሰጠውን ናይትሮጅን ብታክዪበት ጭራሽ ይልፈሰፈሳል።

ሳሎንሽ ለአንቺ ብርሃን ነው፤ ዓይን ቶሎ ይለምዳላ። የቀትር ፀሐይ ግን ወደ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይደርሳል። ከመስኮት ሁለት ሦስት ሜትር ገባ ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ 1,000 እንኳ አይሞላም። ችግኙም ያለ የሌለ ጉልበቱን ቁመት ላይ ያፈሳል። የተጋደመውም ኦክሲን የሚባለው የእድገት ሆርሞን በጨለማው ጎን ስለሚበዛ ነው፤ ያ ጎን ሲረዝም ግንዱ ወደ መስኮቱ ይጎብጣል።

እኔን የሳበኝ የኒሙ ነገር ነው። ደጅ ነው፣ ብርሃን አለ፣ ታዲያ ምን ሆነ? ቅጠል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን አብዛኛውን ለራሱ ያስቀረዋል። ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ እኛ እምብዛም የማናየውን «ሩቅ ቀይ» ግን ወደ ታች ያሳልፈዋል። ችግኝሽ ውስጥ ደግሞ ፋይቶክሮም የሚባል ፕሮቲን አለ። የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) አካባቢ የሆነውን ቀይና 730 አካባቢ ያለውን ሩቅ ቀይ ያመዛዝናል። ሩቅ ቀዩ ከበዛ፣ ከላዬ ሌላ ተክል ቀድሞኛል ብሎ ሽቅብ መሮጥ ይጀምራል። ግንብ እንዲህ አያደርግም፤ ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ ቀለሙን እየመረጠ አያስቀርም። ስለዚህ ለቲማቲም ጥላ ካስፈለገሽ ከዛፍ ጥላ የግንብ ጥላ ይሻላል።

የዛፍ ጥላ የማያስደነግጠው ተክልም ግን አለ። ቡና ከጥንትም ጫካ ውስጥ በዛፍ ስር የኖረ ነው። ግቢዬ ውስጥ አንድ የቡና እግር አለኝ። በጥላው በኩል ያለው ቅጠሉ ሰፊ፣ ስስና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ፀሐይ የሚመታው ደግሞ አነስ፣ ወፈር፣ ገርጣ ይላል። ዓይኔን ጨፍኜ ብዳብሳቸው እለያቸዋለሁ። ያንቺም ችግኝ ሜዳ ላይ የነጣው ለዚህ ነው፤ ለሳሎን የተሠራ ስስ ቅጠል የቀትር ፀሐይ ላይ በአንዴ ወጣ።

አምፖሉን በተመለከተ፣ ድሬ ተቀምጦ ብርሃን መግዛት አፋር ወርዶ ጨው እንደመሸመት ነው። ሮዝ የሚመስለው ቀይና ሰማያዊ ስለተቀላቀሉበት ነው። ሰማያዊው ግንዱ አጠር እንዲል ይረዳል፤ የፀሐይ ብርሃን ግን ሁለቱንም በነፃ ይሰጥሻል። ወንድምሽ ገንዘቡ ከተረፈው ጥሩ አፈር ይግዛልሽ።

አሁን ጣሳዎቹን የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ ግንብ ስር አድርጊ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ይንካቸው፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። በሳምንት ቢበዛ በአሥር ቀን ይለምዳሉ። ቲማቲም ግንዱ ሲቀበር ከዚያው ላይ ሥር ያወጣል። ስለዚህ የረዘሙትን ስታዛውሪ እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ድረስ ቅበሪያቸው። የነጣው ቅጠል አይመለስም። ጫፉ አረንጓዴ ከሆነ ግን ችግኙን አትጣይው፤ ቀጥሎ የሚያወጣው ቅጠል ፀሐይ እያየ ያደገ ስለሚሆን ይቋቋማል።