መልስ፦ «ቼምበርድ» የሚለው ቅጽል ትርጉም

«ፎር ቼምበርድ ኸርት» ብለው የጠየቁትን የእንግሊዝኛ ሐረግ «ባለ አራት ክፍል ልብ» ብለው ይተርጉሙት፤ «ቼምበርድ» ውስጡ በግድግዳ ተከፋፍሎ ክፍሎች ያሉት ማለት ነውና።

ከፊቱ ቁጥር ሲገባ የክፍሎቹን ብዛት ይናገራል፤ የሰውና የወፍ ልብ አራት፣ የእንቁራሪት ሦስት፣ የዓሣ ሁለት ክፍል አለው። ያለ ቁጥርም ይገባል፤ ናውቲለስ የተባለው የባሕር እንስሳ እያደገ ሲሄድ ከበስተኋላው ግድግዳ እየሠራ የቀድሞ ማደሪያውን ስለሚዘጋ ዛጎሉ «ቼምበርድ» ይባላል፤ እንስሳው ራሱ ግን የሚኖረው በመጨረሻውና በሰፊው ክፍል ብቻ ነው።

ቃሉ ስለ ጠመንጃ ሲነገር ግን ይጠንቀቁ፤ መሣሪያው የሚጎርሰውን የጥይት ዓይነት እንጂ የክፍል ብዛትን አያመለክትም። እኔ ይህን ሳላስተውል «ባለ ክፍል ጠመንጃ» ብዬ ጽፌ፣ አራሚው በቀይ ሰርዞ መልሶልኛል።