መስክ ያልወጣ ሰማያዊ መስመር

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ቤት መጣች። ዩኒቨርሲቲ ጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ መሥራት ትማራለች። ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ሳተላይቱ ሁሉንም ያያል። ለካርታ ብሎ ገደል መውረድ፣ ሽማግሌ መጠየቅ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ልመልስላት ጀመርኩና አቃተኝ። ስኒዬን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ያስቀየመችኝ መስሏት ወሬ ቀየረች። አላስቀየመችኝም። ከአርባ ዓመት በፊት የበደልኩትን ሰው ነው ያስታወሰችኝ። ያን ቀን ያልመለስኩላትን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ለእሷም፣ በዚህ ሙያ ላላችሁ ልጆቼም። ሰዓት አክብሩ፣ አንብቡ የሚለውን ትቼዋለሁ፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

ሥራዬ ከአየር ፎቶግራፍ ካርታ ማውጣት ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ወደ አውሮፓ ተላክሁ። እዚያ መጀመሪያ ያገናኙን ከስቴሪዮስኮፕ ጋር ነው። ለማታውቁት፣ በሁለት መስተዋት የሚታይበት መሣሪያ ነው። አውሮፕላኑ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ያነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች ከሥሩ ጎን ለጎን ታደርጋላችሁ፤ አንዱን ዓይን አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ያየዋል። መጀመሪያ ይምታታል። ከዚያ ድንገት ተራራው ከወረቀቱ ብድግ ይላል። እኔ በመጀመሪያው ቀን በጣቴ ልነካው እጄን ዘርግቻለሁ። የዛሬ ልጆች ተራራውን ስክሪን ላይ እያሽከረከራችሁ ስላደጋችሁ ያ ድንጋጤ አልደረሰባችሁም፤ በዚህ አዝንላችኋለሁ።

አንድ ቀን ሽማግሌው አስተማሪያችን ሁለት ፎቶ ሰጠኝና «የባሕሩን ዳርቻ አውጣልኝ» አለኝ። የአንታርክቲካ ፎቶ ነው። ከታች ጥቁር ውኃ፣ ከላይ ነጭ። ነጩ ላይ ዓይን የሚይዘው ነገር የለም፤ ዛፍ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ መንገድ የለ። በስቴሪዮስኮፕ ሳየው እንኳ ከፍና ዝቅ አይልም፤ እንደ ታጠበ አንሶላ ተዘርግቷል። እኔ ግን ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙበትን ተከትዬ ቀጥ ያለ ውብ መስመር አወጣሁ። አስተማሪው አየውና በላጲስ አጠፋው። «ይኼ የበረዶው ጫፍ ነው። ከሥሩ ባሕር አለ። የብሱ የት ይጀምራል?» አለኝ። በረዶው ከየብስ ላይ ተንሸራቶ ወጥቶ ባሕር ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ እውነተኛው ዳርቻ ከዚያ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ። ትክክለኛው መልስ «ከዚህ ፎቶ አላውቅም» ነበር።

ከዚያ የሂዩበርት ዊልኪንስን ታሪክ ነገረን። ዊልኪንስ አውስትራሊያዊ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 አብራሪው ካርል ቤን አይልሰን እያበረረው ከዲሴፕሽን ደሴት ተነስቶ የአንታርክቲካን ባሕረ ገብ መሬት እየተከተለ ወደ ደቡብ በረረ። በአውሮፕላን አዲስ ምድር ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰው በእግሩ ወራት የሚፈጅበትን አገር በአንድ ቀን አይቶ ተመለሰ። በመስኮት ፎቶ እያነሳ፣ በእርሳስ ንድፍ እየሠራ፣ ስም እያወጣ ነው የሄደው። ምድሩን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቀው የሚያልፉ የባሕር መተላለፊያዎች ያየ መሰለው። አንዱን በአውስትራሊያዊው ፖለቲከኛ በኬሲ ስም «የኬሲ መተላለፊያ» አለው፤ ሌላውን ለአሳሹ ለስቴፋንሰን ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ምድር ደግሞ ጉዞውን በገንዘብ በረዳው በአሜሪካዊው የጋዜጣ ባለቤት በኸርስት ስም ጠራው። በዚህ ዓይነት ባሕረ ገብ መሬቱ በካርታ ላይ ተቆራርጦ የደሴቶች ስብስብ ሆነ።

የዊልኪንስ ዓይን አልሰነፈም። ከአውሮፕላን ቁልቁል ሲታይ፣ ከተራራ መሃል የሚወርድ ሰፊ የበረዶ ግግርና በበረዶ የተሸፈነ የባሕር መተላለፊያ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ጠፍጣፋ፣ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ልዩነቱ ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍታ ደግሞ በዚያ ዘመን መሬት ላይ ቆሞ የሚለካ ሰው ይፈልግ ነበር።

ከ1934 እስከ 1937 ጆን ራይሚል የመራው የብሪታንያ ቡድን ሄደ። አንድ ትንሽ አውሮፕላንና ብዙ ውሾች ይዘው ነበር። መተላለፊያዎቹን ቢፈልጉ አጧቸው። ራይሚል ከባልደረባው ከቢንግሃም ጋር በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ ተራራውን አቋርጦ በስተምሥራቅ ወዳለው ዳርቻ ደረሰ። የተቆራረጠው ምድር አንድ ሆኖ ተገኘ። የኬሲ መተላለፊያ የኬሲ የበረዶ ግግር ሆነ፤ የኸርስት ምድር የተባለውም መጨረሻ ላይ በአንድ ደሴት ተወሰነ።

እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ልጋጭ ነው። እውነቱን ያወጡት በእግራቸው የሄዱት ብቻ አይደሉም። ጆርግ የሚባል አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ሊንከን ኤልስወርዝ በ1935 ከአየር ያነሳቸውን ፎቶዎች ከራይሚል የመጀመሪያ ዘገባ ጋር እያስተያየ መተላለፊያው የበረዶ ግግር መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ የቢሮ ሰው እንዲያው ይሳሳታል አልልም። ጆርግ ግን የእግረኞቹን ወረቀት ከፎቶው ጎን ዘርግቶ ነበር። እኔ ያንን ነው ያላደረግሁት።

ከሥልጠና ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ፣ የሰሜን ሸዋ ቆላን አንድ ባለ 1፡50,000 ካርታ እንዳወጣ ተሰጠኝ። ጥልቅ ገደል ያለበት አገር ነው። ፎቶው የተነሳው በበጋ ጠዋት ስለሆነ በደቡብ ምሥራቅ ያለው ገደል ጥላውን ሸለቆው ላይ ጥሎታል። ከላይ አንድ ጅረት ይወርድና ጥላው ውስጥ ይገባል። ከጥላው በታች ደግሞ ጅረት ይወጣል። በመሃል ሦስት ጣት የማይሞላ ጥቁር ቦታ አለ። እኔ ሰማያዊውን ቀለም አንስቼ አገናኘኋቸው። ምን ይጠየቃል? ከላይ የገባው ከታች ይወጣል።

መስክ የሚሄድልን አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ እግራቸው ግን ያልረገጠው ወረዳ የለም። እሳቸውንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ማስታወሻ ደብተራቸውን ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ያስሩታል፤ እርሳሳቸውን በቢላ ነው የሚቀርጹት፤ ጽሕፈታቸው የቆሎ ተማሪ ጽሕፈት ነው፣ ፊደሉ አንድ በአንድ ቆሞ ይነበባል። በበቅሎ ወርደው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ጠቁረው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ። ደብተሩን ፈተው እኔ መስመር ባሰመርኩበት ቦታ ላይ እንዲህ ብለው የጻፉትን አሳዩኝ፦ «ውኃው አንድ አይደለም። የላዩ ከገደሉ ጀርባ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። የታቹ ሌላ ምንጭ ነው።» ሁለቱንም ስም ጽፈዋል። የላይኛው መንደር ሰዎች የሚሉትንና የታችኛው መንደር ሰዎች የሚሉትን፣ የነገሯቸውን ሽማግሌዎች ስም ጭምር።

«ጋሼ፣ ፎቶው ላይ እኮ ይታያል» አልኳቸው።

«እኔ ከሁለቱም ጠጥቻለሁ ልጄ። የታቹ ይጎመዝዛል» አሉኝ።

ካርታው ዓርብ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። መስመሩን ለማንሳት ፎቶዎቹን እንደገና መሣሪያው ላይ ማስተካከል፣ ከፍታ የሚያሳዩትን የኮንቱር መስመሮችም መልሶ ማየት ይጠይቃል፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ግን የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ዋሸኋችሁ ማለት ነው። ከአውሮፓ የመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ሰርተፊኬቱ ያለው እኔ ጋ ነው። «የሚጎመዝዝ» የሚል ቃል የያዘ ደብተር የኔን መሣሪያ ያርመዋል ብዬ መቀበል አልፈለግሁም። ሰማያዊውን መስመር ተውኩት። ለሁለቱ ውኃ አንዱን ስም ብቻ ሰጥቼ የሌላውን ጣልኩት። ካርታው ታተመ። ጋሼ የታተመውን አነሱና ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በእጥፋቱ መልሰው አጥፈው አስቀመጡት። አንድ ቃል አልተናገሩም። የተናገሩኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራ ወደዚያው አካባቢ ሄድኩ። ካርታዬን ይዤ አንድ ሽማግሌ እየመሩኝ ገደሉን ወረድኩ። ጥላው ካለበት ስደርስ መሬቱ ደረቅ አለት ነው፤ ውኃ አልፎበት አያውቅም፣ ድንጋዩ እንኳ አልለሰለሰም። ሰማያዊው መስመሬ ግን አለቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ሽማግሌው ካርታውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝና የታችኛውን ውኃ በላይኛው ስም ስጠራው፣ «ይኼን ማን ነገራችሁ?» አሉኝ። የታችኛው ምንጭ የሳቸው ቀዬ ነው። ስሙን ደግመው ደጋግመው ነገሩኝ፣ ልጅ እንደሚያስጠኑ። ከምንጩ ጠጣሁ። ይጎመዝዛል።

ጋሼ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተው ነበር። ለፋሲካ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ፋሲካ አለፈ፤ ለመስከረም አልኩ። በክረምቱ ማረፋቸውን ሰማሁ።

በዚያ ካርታ ሰው አልሞተም፣ ድልድይ አልፈረሰም። እንዲያም ሆኖ ከሠራኋቸው ካርታዎች ሁሉ ቁጥሩን በቃሌ የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንታርክቲካ ዳርቻ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ሚስቴ በማላውቀው በረዶ አገር ምን እንደሚያስጨንቀኝ ትጠይቀኛለች። እዚያ ሽማግሌ የለም። የሚጠየቅ መንደር የለም። ስለዚህ የካርታ ሠሪ ስህተት ራቁቱን ይታያል። በ1840 አሜሪካዊው አሳሽ ቻርልስ ዊልክስ ብዙ የዳርቻ ክፍል ከመርከብ ላይ አየ፤ ከአድማስ በታች ያለውን ከፍ አድርጎ የሚያሳየው ቀዝቃዛ አየር ግን አታለለውና አንዳንዱን ምድር ከእውነተኛው ቦታ እጅግ አቅርቦ አስቀመጠው። በዓመቱ እንግሊዛዊው ጄምስ ክላርክ ሮስ፣ ዊልክስ በላከለት ካርታ ላይ ተራራ በተመለከተበት ቦታ ላይ በመርከቡ አለፈ። ያው ሮስ ደግሞ ከታላቁ የበረዶ ግድግዳ ወዲያ የፓሪ ተራሮች ብሎ የሰየማቸውን ተራሮች ካርታው ላይ አኖረ፤ የእንግሊዛዊው አሳሽ የስኮት ሰዎች በ1902 ሲሄዱ አላገኟቸውም። በ1946 እና 47 የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሃይጃምፕ ዘመቻ 70,000 ያህል የአየር ፎቶ አነሳ። ፎቶዎቹን ከመሬት ጋር የሚያስር ነጥብ ስላልነበረ አብዛኛው ለካርታ አልሆነም። በዓመቱ ሌላ ቡድን በሄሊኮፕተር ተልኮ ሰዎች ድንጋይ ላይ እየወረዱ ፀሐይን እየለኩ ነጥብ ማስቀመጥ ነበረባቸው። ለጎረቤቴ ልጅ ያን ቀን ልነግራት የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ስሙም እንደ መስመሩ ነው። በ1898 የቤልጂየሙ መርከብ ቤልጂካ በባሕረ ገብ መሬቱ ምዕራብ ሲጓዝ ካርል ቪንኬ የሚባል ወጣት ኖርዌያዊ መርከበኛ በማዕበል ባሕር ወደቀ። ለኮንት የሚባለው መኮንን በገመድ ወርዶ ሊያወጣው ሞከረ፤ ማዕበሉ ነጠቀው። የጉዞው መሪ ዠርላሽ አንድ ደሴት በስሙ ሰየመለት፤ እስከ ዛሬ ይጠራበታል። በሌላ በኩል ደግሞ በአንታርክቲካ በሜልበርን ቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤት ስም የተጠራ ሰፊ ምድር አለ፤ ገንዘብ ስለሰጠ። በኋላ የአሜሪካው የስም ኮሚቴ እርዳታቸውን ለንግድ ማስታወቂያ በተጠቀሙበት ሰዎች፣ በሸቀጥና በውሻ ስም መሰየም አይገባም ብሎ ደንብ አወጣ። ደግ አደረገ። ባሕረ ገብ መሬቱን ራሱን እንግሊዞች የግራሃም ምድር፣ አሜሪካኖች የፓልመር ባሕረ ገብ መሬት ሲሉት ቆይተው በ1964 ነው የአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት በሚለው የተስማሙት፤ ቺሌና አርጀንቲና አሁንም የየራሳቸው ስም አላቸው። ሰው በማይኖርበት በረዶ ላይ ለስም ይህን ያህል ይጨነቃሉ። እኔ ሰው የሚጠጣውን ምንጭ ስም ለሁለት ቀን ሥራ ብዬ ጣልኩት።

ዊልኪንስን ግን አላዋረዱትም። ያን ቀን የበረረበት የምሥራቅ ዳርቻ አንዱ ክፍል ዛሬ የዊልኪንስ ዳርቻ ይባላል። ተሳሳተ፤ ሰዎች ሄደው አረሙት፤ ስሙም ቀረለት። ለእናንተ የምመኘው ይህን ነው፤ ስህተታችሁን የሚያርም ሰው በሕይወት ሳለ ደርሳችሁ እንድትሰሙት።

ትናንት ልጅቷን ጠርቼ የዚያን ገደል የሳተላይት ምስል እንድታሳየኝ ለመንኳት። ላፕቶፗን ከፍታ በደቂቃ አገኘችው፤ እኔ በሥራ ዘመኔ ለአንድ ፎቶ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ሳተላይቱ ያለፈው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው አለችኝ። አጎላችው። ከላይ ጅረቱ ይወርድና ጥላው ውስጥ ይገባል። ከጥላው በታች ጅረት ይወጣል። ጣቷን ከላይኛው ወደታችኛው ልትስብ ጀመረችና መሃል ላይ አቆመች፤ ቀና ብላም አየችኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን አለ?» አለችኝ።