ትልቁን ዋጋ የጠራልንን ደላላ ልያዝ?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ስጽፍልዎት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ በትልቁ ቤት ብቻዋን ቀርታለች። ደረጃው እየከበዳት መጥቷል። ሌሊት ብትወድቅ የሚሰማት ሰው የለም። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ከእሷ ጋር ተማክረን ቤቱ ይሸጥ፣ እኔ አጠገብ አነስ ያለ ቤት ይገዛላት አልን። ወንድሞቼ ርቀው ስለሚኖሩ የሽያጩ ጉዳይ እኔ ላይ ወድቋል።

እስካሁን ሦስት ደላሎች መጥተው ቤቱን አይተዋል። አንደኛው ገና በሩን ሳይገባ ማድነቅ ጀመረ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ዋጋ ጠራ። እኛ ከገመትነው በ20 በመቶ ይበልጣል። «ገዢ በእጄ አለ፤ ዛሬውኑ ፈርሙልኝ» አለን። እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ሲበራ አየሁ።

ሁለተኛው የአጎቴ ልጅ ነው። ድለላ ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። ሳንጠይቀው «ኮሚሽኑን በግማሽ እቀንስላችኋለሁ» አለ። አጎቴ በየቀኑ እየደወሉ «ሥጋችሁ እያለ ለባዳ ልትሰጡ ነው?» ይሉኛል።

ሦስተኛዋ ሴት ናት። ብዙ አታወራም። ክፍሎቹን ለካች፣ ቧንቧዎቹን ከፍታ አየች፣ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የእርጥበት ምልክት በስልኳ አነሳች። ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። የጠራችው ዋጋ ከእኛም ግምት ትንሽ ዝቅ ይላል። ኮሚሽኗ ደግሞ ከሦስቱ ከፍተኛው ነው። በዚያ ላይ ለስድስት ወር ሌላ ደላላ እንዳንይዝ ውል ፈርሙ ብላለች። እናቴ «ቤቴን አናናቀችው» ብላ ተቀይማታለች።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ከዚህ ገንዘብ የሚተርፈው የእናቴ መጦሪያ ነው። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ወይስ ለሦስቱም ሰጥቼ ይሽቀዳደሙ? እባክዎ የሚያውቁትን ይንገሩኝ።

ግራ የገባት ልጅ

*

እህቴ፣

የከነከነሽ ነገር ይህ ይመስለኛል። ሰውዬው ያንን ዋጋ ሲጠራ ምንም አላወጣም። ቤቱን አልለካም፣ ተመሳሳይ ቤት በስንት እንደተሸጠ አላሳየሽም። የቤት ዋጋ የሚታወቀው ገዢ ገንዘቡን ሲያወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ደላላ የሚጠራው ቁጥር ግምት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ እናንተን ለማስፈረም ብቻ የሚጠራ ነው።

እንዴት እንደሚሄድ ልንገርሽ፤ በራሴ ደርሶብኛል። ቤቴን ስሸጥ ከሁሉም አስበልጦ ለጠራልኝ ደላላ ሰጠሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስልኩ አላረፈም። ከዚያ ዝም አለ። በሁለተኛው ወር «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ትንሽ ዝቅ እናድርገው» አለኝ። በአራተኛው ወር እንደገና። በሰባተኛው ወር የሸጥኩት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ ደላላ ከገመተልኝ ባነሰ ዋጋ ነው። ያ ሌላው ደላላ ዋጋውን ሲነግረኝ ተቀይሜው ነበር። እናትሽ የተሰማቸውን አውቀዋለሁ።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ቤት ሲፈልጉ ወራት ያስቆጠሩ ሰዎች የገበያውን ቤት በሙሉ አይተው ጨርሰዋል። አዲስ ቤት ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጡት እነሱ ናቸው። ዋጋም ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከልክ በላይ ከተጠራባቸው ሳይደራደሩ ያልፋሉ። ዋጋው በኋላ ሲወርድ ብዙዎቹ ሌላ ቤት ገዝተዋል። አዲስ የሚመጣው ገዢ ደግሞ ቤቱ ለረጅም ጊዜ እንደቆመ ሲሰማ «ምን ችግር ቢኖርበት ነው?» ይላል። ከዚያ በኋላ ድርድሩ ከታች ይጀምራል።

ስለዚህ ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው። «ይህንን ዋጋ ከየት አመጣችሁት?» መልሱ ባለፉት ስድስት ወራት ገደማ በአካባቢያችሁ የተሸጡ፣ ስፋታቸውም ሁኔታቸውም የእናንተን የሚመስሉ ቤቶች መሆን አለበት። የተሸጡበት ዋጋ እንጂ የተጠራባቸው አይደለም። ገበያ ላይ ስንት ቀን እንደቆዩም ይንገሩሽ። ሴትዮዋ ይዛ የመጣችው ወረቀት ይህ ከሆነ ሥራዋን ሠርታለች። ለማንኛውም እንደገና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

«ገዢ በእጄ አለ» ያለሽን ሰው በቀላሉ መፈተን ይቻላል። «ጥሩ፣ ለዚያ ለአንድ ገዢ ብቻ የሚያገለግል የሁለት ሳምንት ውል እንፈርም» በይው። ገዢው እውነት ካለ ይዞት ይመጣል፤ እናንተም ትጠቀማላችሁ። ከሌለ ወዲያው ይታወቃል። ከገዢውም በኩል ኮሚሽን ይቀበል እንደሆነ ጠይቂው። ከሁለቱም ወገን የሚበላ ደላላ ለእናትሽ ዋጋ አጥብቆ ለመከራከር ይቸገራል። በአንዳንድ አገር እንዲህ ያለው ነገር በጽሑፍ ሳይገለጽ ክልክል ነው።

አሁን ስለ ኮሚሽን። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ታገሺኝ። ቤቱ በ100 ተሸጠ፣ ኮሚሽኑም 3 በመቶ ነው እንበል። ደላላው 3 ያገኛል። ሌላ ወር ታግሶ፣ ተሟግቶ በ105 ቢሸጠው 3.15 ያገኛል። እናትሽ ወደ 5 የሚጠጋ ተጨመረላቸው፤ ለእሱ የአንድ ወር ልፋት ያመጣለት 0.15 ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሎ ሸጦ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ይሻለዋል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ እንዲህ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ስቲቨን ሌቪት እና ቻድ ሲቨርሰን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን ቺካጎ አካባቢ ወደ 100,000 የሚጠጉ የቤት ሽያጮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናታቸውን አሳትመዋል። ደላሎች የገዛ ቤታቸውን ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ተመሳሳይ ቤት በ3.7 በመቶ ገደማ አስበልጠው ይሸጣሉ። ገበያ ላይም 9.5 ቀን ያህል አርዝመው ያቆዩታል። ለራሳቸው ሲሆን ይታገሣሉ ማለት ነው። ያንቺ ሥራ ለሌላ ሰው ቤትም የሚታገሥ ደላላ መፈለግ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ሰው በወሬ አታገኚውም፤ ያሠሩትን ሰዎች ጠይቂ። ከሴትዮዋ ያለፉትን አምስት ሽያጮቿን ዝርዝር ውሰጂ። ከሻጮቹ ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ ደውይ። በስንት ተጠርቶ በስንት ተሸጠ? መጥፎ ዜና ሲኖር ራሷ ደውላ ትነግራችሁ ነበር ወይስ እናንተ ነበራችሁ እየደወላችሁ የምትፈልጓት? ገዢ ዝቅ አድርጎ ሲያቀርብ «ተቀበሉ» አለች ወይስ ተከራከረች? ሳይሸጥ የቀረ ቤት ካለም እሱን ጠይቂያት። እንዴት እንደምታወራው ስሚ፤ እኔ ከተሸጡት ይልቅ ስለ አልተሸጠው ስትናገር ብዙ የሚታወቅ ይመስለኛል። በምትኖሩበት አገር ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሚጠየቅ ከሆነ ፈቃዷን እይ።

የእሷንም ዋጋ ግን በጭፍን አትቀበይ። ቶሎ ለመሸጥ ሆን ብሎ ዝቅ የሚያደርግም ደላላ አለ። ከሽያጩ ምንም የማይደርሰው የቤት ገማች ከፍለሽ አስገምቺ። የገማች ክፍያ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲታይ ትንሽ ነው፤ እናትሽም ከገለልተኛ ሰው ሲሰሙት ይቀላቸዋል።

ለሦስቱም ልስጥ ወይ ላልሽው፣ እኔ አልመክርሽም። አንድ ቤት በሦስት ደላላ እጅ ሲሆን በሦስት ዋጋ ይጠራል። ገዢው ሦስቱ ጋ ደውሎ ዝቅተኛውን ይይዛል። ለጥሩ ፎቶና ለማስታወቂያ ገንዘብ የሚያወጣም አይኖርም፤ ሌላው ሸጦት ባዶ እጁን ይቀራልና። ሁሉም የሚሮጠው መጀመሪያ የተገኘውን ገዢ ለማምጣት ነው። በአንድ እጅ መሆኑ የተሻለ ነው፤ ውሉ መውጫ ካለው።

ስድስት ወር ይረዝማል። ሦስት ወር በያት። ካልረካችሁ በጽሑፍ አስታውቃችሁ የምትወጡበት አንቀጽ ይግባ። እናንተ ራሳችሁ ገዢ ብታገኙ፣ ለምሳሌ ጎረቤት ልግዛው ቢል፣ ኮሚሽን ትከፍላላችሁ ወይ? ይህ ተለይቶ ይጻፍ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ውሉ ካለቀ በኋላ እሷ አምጥታው የነበረ ሰው ቢገዛ ኮሚሽን ይገባኛል ማለቷ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ግን ያመጣቻቸው ሰዎች ስማቸው ይመዝገብ፣ ጊዜውም ለጥቂት ወራት ይገደብ። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ሽያጩ ሲጠናቀቅ ነው። ፎቶውና ማስታወቂያው በእሱ ውስጥ ይካተት እንደሆነም አስጽፊ።

ሁለት ነገር ደግሞ ለማንም እሺ አትበይ። አንዱ የመሸጥ ውክልና ነው። ደላላ ገዢ ያምጣ፤ ውሉን የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ሌላው «ይህን ያህል በእጃችሁ ይግባ፣ ከዚያ በላይ ያለው የኔ» የሚለው ስምምነት ነው። ቤቱ በስንት እንደተሸጠ እንኳ ላታውቁ ትችላላችሁ።

የአጎትሽ ልጅ ከሁሉም የሚከብድሽ እሱ እንደሆነ ይገባኛል። ልጁን አልጠላውም፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ ይጀምራል። ግን ሥራው ባይያዝለት ውል አፍርሰሽ ልታሰናብቺው ትችያለሽ? አትችይም። እናትሽ ለመሸጥ ምን ያህል እንደቸኮሉ፣ እስከ ስንት ዝቅ እንደሚሉ የሚያውቅ ሰው ቤተሰብ መሀል ይቀመጣል። ገንዘቡ የእናትሽ መጦሪያ ነው፤ መለማመጃ ሊሆን አይገባም። ኮሚሽኑን በግማሽ መቀነሱም ብዙ አያጓጓሽ። ከላይ ባለው ሒሳብ የቀነሰላችሁ 1.5 ነው፤ ድርድር ላይ ቢፈዝ በአንድ ቀን የሚጠፋ ገንዘብ ነው። ግን በሩን አትዝጊበት። «ገዢ ካመጣህ ከኮሚሽኑ ድርሻ ይኖርሃል» በይው፣ ከሴትዮዋም ጋር ይህንኑ ተስማሚ። አጎትሽ ጋ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት ራስሽ ሂጂ። ከሌላ ሰው ከሰሙ ነው የሚቀየሙት።

የምትሰሚያቸው መልሶች ጥሩ ከሆኑ እኔ ብሆን ሦስተኛዋን እይዛለሁ። ጨርሶ የማልይዘው የመጀመሪያውን ነው።

አሁን እናትሽ። ለእሳቸው ያ ቤት ካሬ ሜትር አይደለም። ከአባትሽ ጋር የኖሩበት ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ ያወቀው ይህንን ነው፤ ያደነቀው ቤቱን ሳይሆን ትዝታቸውን ነው። ሴትዮዋ ያየችው ገዢ የሚያየውን ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለውን እርጥበት እሷ ባትናገር ገዢው ይናገራል፤ ያኔ ከሚገባው በላይ ዋጋ ይቆርጥበታል። ወረቀቱን ይዘሽ ከእናትሽ ጋር ብቻችሁን ተቀመጡ፣ አንድ በአንድ አንብቢላቸው። ከዚያ ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ትምጣና ቤቱን እሳቸው ራሳቸው ያስጎብኟት። ስለ አባትሽም ያውሯት። ቁጭ ብላ ትሰማቸው እንደሆነ አንቺም እይ።

የጣሪያውን ፍሳሽ ግን ማንንም ሳትመርጪ፣ በዚህ ሳምንት ባለሙያ ጠርተሽ አሠሪው።