«ጠግቤ ነው» ያለውን ሰው ደግማችሁ ጠይቁት፦ ስለ ሰሜን ተራሮች የቡድን ጉዞ ጥያቄና መልስ

ጥቅምት በባተ ቁጥር የሚደርሰኝ ደብዳቤ ይመሳሰላል። ዝናቡ አባርቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሣሩ ገና ቢጫ ሳይሆን ጎንደር ያለ ሰው ሁሉ ድንኳን ይዞ በቡድን ወደ ሰሜን ተራሮች መውጣት ያምረዋል። ደስ ይለኛል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር፤ ለብዙ ዘመን ግን ከእኛ ይልቅ የሩቅ አገር ሰው ነው ያደረበት። የሰሞኑን ጥያቄዎች አሳጥሬ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ከአዘዞ፦ 22 የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ ያላቸው ሦስት ቀን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጎንደር ተነስተው በመኪና በቀጥታ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው የጨነቅ ማደሪያ ገብተው ሊያድሩ፣ እሑድ የቧሂትን ተራራ ሊወጡ፣ ሰኞ ሊመለሱ አስበዋል። አንዱ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። «ምን ችግር አለው?» ይላሉ።

ችግር አለው። የመጀመሪያውን ሌሊት ጨነቅ አትደሩ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ 2,850 አካባቢ፣ ከፓርኩ ማደሪያዎች ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ግድም ናቸው። ጠዋት ጎንደር ቁርሱን በልቶ ማታ ጨነቅ የሚተኛ ሰው በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጥቷል። የዘርፉ ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው። ቀን ከፍ ብሎ ተጉዞ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይቻላል፤ ዋናው የሚተኙበት ከፍታ ነው። ስለዚህ ዓርብ ከሥራ በኋላ ደባርቅ ገብታችሁ እደሩ። ቅዳሜ ሳንቃበር፣ እሑድ ጨነቅ ይሁን። ቧሂት 4,430 ሜትር ነው፤ ለሌላ ጉዞ አቆዩት።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም» የሚል ደብዳቤ በየዓመቱ ይመጣል። 2,100 ሜትር ላይ መኖር ጥቂት ይረዳል፤ 3,600ን ግን አያስለምድም። ጉልበትም አያድንም። ኳስ ሲጫወት ውሎ የማይደክመው ልጅ ሊታመም፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ደህና ሊያድር ይችላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ይሉኝታችን ነው። የከፍታ ሕመም ሲጀምር በራስ ምታት፣ በምግብ መዝጋት፣ በማቅለሽለሽና ከልክ ባለፈ ድካም ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህ ሲሰማው ያርፋል ወይም ይመለሳል። 22 ሆኖ የሚሄድ ሰው ግን ይደብቃል። ገንዘብ ተዋጥቷል፣ በቅሎ ተከራይቷል፣ የሁሉም ፈቃድ በአንድ ላይ ተይዟል። «በእኔ ምክንያት ሰው ከሚስተጓጎል» ይልና ጥርሱን ነክሶ ይወጣል።

ከዓመታት በፊት ከማኅበር ጓደኞቼ ጋር ግጭ አድረን ነበር። ከመካከላችን ጨዋታ አዋቂው ማታ ሰሃኑ ላይ እጁን አልዘረጋም። ምነው ስንለው «ጠግቤ ነው» አለ። ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ከአንድ ጭብጥ በሶ በቀር ምንም ያልቀመሰ ሰው በምን ይጠግባል? ይህን ያሰብኩት ግን ያኔ ሳይሆን በማግሥቱ ጠዋት፣ የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት ሲያየው ሲያየው ሳገኘው ነው። ግጭ መኪና አይገባም። በበቅሎ አስቀምጠን፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፎት ወደ መኪናው መንገድ አወረድነው። ማታ ደባርቅ ላይ ሽሮ አምጡልኝ ሲል ነው ልባችን የተመለሰው። ራሱን ያመመው ከሳንቃበር ጀምሮ ነበር። «ጉዟችሁን ላለማበላሸት ብዬ ነው» አለን። ያን ሌሊት እሱ ድንኳኑ ውስጥ ብቻውን ሲሰቃይ እኛ ደጅ ተቀምጠን ስንጫወት ነበር፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

እንግዲህ መሪያችሁ ይህን ያድርግ። ሁልጊዜ ማታ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ጠርቶ ይጠይቅ፤ በሰው ፊት የተጠየቀ ሁሉ «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። በደፈናው «እንዴት ነህ?» ሳይሆን «ራስህን ያምሃል? እራት በላህ? አስመለሰህ?» ይበል። ከጎንደር ሳትነሱ፣ አንድ ሰው ቢታመም አብረውት የሚወርዱትን ሁለት ሰዎች ሰይሙ፤ አስቀድሞ የታወቀ ነገር አያሳፍርም። ራሱን ያመመው ሰው እስኪሻለው ድረስ አንድ እርምጃ ወደ ላይ አይሂድ። መሬት ላይ በተሰመረ ቀጥታ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ መራመድ ያቃተው፣ ንግግሩ የተዘበራረቀበት፣ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረውና የሚያስለው ሰው ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። ጨለማም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን ይወርዳል፤ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። በአንጎል ወይም በሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም የጀመረበት ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ዋናው መድኃኒቱ መውረድ ነው።

የደም ግፊት ያለበት ባልደረባችሁን በተመለከተ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በዚህ ላይ ግን አልላላም። ሳይመረመርና ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይሂድ። «ሰው ስለሚወስደው» ብላችሁ አሴታዞላማይድ የተባለውን የከፍታ መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ ገዝታችሁ አታድሉ። የማይስማማው ሰው አለ፤ መወሰን ያለበት ሐኪም ነው።

ከፒያሳ፦ ኔትዎርክ አለ? ስልክ የት ቻርጅ እናደርጋለን?

የለም ብላችሁ ተነሱ፤ ፓወር ባንክ ያዙ።

ከማራኪ አንዲት እህት፦ ባለቤቷ ለብርዱ ብሎ ትንሽ የከሰል ምድጃ ገዝቷል። ድንኳኑ ሰፊ ነው፣ መስኮትም አለው፣ ከሰሉም ጭሱ ወጥቶ ፍም ከሆነ በኋላ ነው የሚገባው ይላል። ይጎዳል ወይ?

እህቴ፣ ይገድላል። ምድጃውን ቤት አስቀሪው።

ሰው የሚሳሳተው ከፍሙ ላይ ነው። ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍሙ ቀይ ሆኖ ሲያምር እየወጣ ነው። ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝበታል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ደም የሚያገኘው ኦክስጅን ቀድሞም አንሷል። መስኮቱንም ሌሊት ብርዱ ሲጠና ባለቤትሽ ራሱ ይዘጋዋል። ከሁሉ የከፋው ምልክቱ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። የከፍታ ሕመምም ምልክቱ ይኸው ስለሆነ «ተራራው ነው» ብለው ይተኛሉ። ከዚያ የሚነቃ የለም።

ብርዱን ከታች ጀምሩት። ሌሊት ሙቀታችሁን የሚወስደው መሬቱ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ ከሥር አጎዛ ወይም ወፍራም ስፖንጅ ማንጠፍ ይበልጣል። ሙቅ ውሃ በኮዳ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ጋቢ ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ጤዛ ከነካው ያበርዳል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ ግጭ ከጎንደር በ10 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውሃ ይረጋል። አረቄም አያሞቅም። ቆዳን ለጊዜው ያሞቅና የውስጡን ሙቀት ያስወጣል፤ በከፍታ ላይ ደግሞ የእንቅልፍ ትንፋሽን ያዳክማል።

ሁለት ደብዳቤዎች፦ «የአገሩ ልጆች ነን፤ ለምን መሣሪያ የያዘ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይከተለናል? ለምንስ እንከፍላለን?»

የፓርኩ ደንብ ስለሆነ። ደግሞም የአገሩ ልጅ ማለት እሱ ነው። ጉም ሲወርድ ገደሉ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው፣ ሰው ሲታመም በቅሎ ከየትኛው መንደር እንደሚገኝ የሚያውቀው እሱ ነው። አብሯችሁ ይብላ፣ ሌሊት የሚለብሰው እንዳለው ጠይቁ። ክፍያው ስለሚለዋወጥ ዋጋውን ደባርቅ ወዳለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። በዚያው ስልክ የመንገዱን ጸጥታ ጠይቁ፤ «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ።

ከአራዳ አንዲት እናት፦ ልጃቸው ከ15 ጓደኞቹ ጋር ሊወጣ ነው። ሽንብራና ባቄላ አሸክመው እዚያው ቀቅለው እንዲበሉ አስበዋል። ውሃውስ ይጠጣል ወይ?

እናቴ፣ ጥሬውን ያስቀሩት። በ3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሲንፈቀፈቅ ያዩታል እንጂ ሙቀቱ የጎንደሩን ያህል አይደለም። ሽንብራው ሳይበስል ጋዙ ያልቃል፣ ልጆቹም ይተኛሉ። አባቶቻችን ለዘመቻ የያዙት ስንቅ ለዚህ የተሠራ ነው፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ድርቆሹ በፈላ ውሃና በበርበሬ ይርሳል፣ ቋንጣው ይጨመርበታል፣ በ10 ደቂቃ ለ16 ሰው እራት ይሆናል። የሽሮ ዱቄትም ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይበስላል። እንጀራ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ በብርዱና በደረቁ አየር ይሰባበራል።

የምንጩን ውሃ አፍልተው ይጠጡ። ሙቀቱ ቢያንስም ተህዋሲያኑን ይገድላል፤ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ሳይጠማቸውም ይጠጡ፤ በበጋ የዚያ ተራራ አየር ከንፈር ይሰነጥቃል። ፀሐዩም እንደ ብርዱ አይታይም እንጂ ያቃጥላል፦ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰፊ ባርኔጣ ይግዙለት።

ከቀበሌ 18 አንድ አባት፦ ልጃቸው ጭላዳ ይነክሳል ብላ ፈርታለች።

ካልተጠጓቸውና ካልመገቧቸው አይነኳትም። ሥራቸው ሣር መንጨት ነው። ማታ ወደ ገደሉ ወርደው ይተኛሉ፤ አመሻሹ ላይ ሲወርዱ ታያቸው፣ ፍርሃቷ ይለቃታል።

ከደባርቅ መንገድ የጻፈ ወጣት፦ ባለቤቱ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጤነኛ ነች፣ መሄድ ትፈልጋለች። ግጭ ሁለት ሌሊት ቢያድሩስ?

ወንድሜ፣ አትሂዱ ነው የምለው። ከፍታው ብቻ አይደለም፤ ግጭ ላይ ደም ቢፈሳት መኪና መንገድ ለመድረስ የሰዓታት ጉዞ አለባችሁ፣ ከዚያ ደባርቅ፣ ከዚያም ምናልባት ጎንደር። የሚከታተላት ሐኪም የደም ግፊቷንና የደም ማነስዋን አይቶ «ትችላለች» ቢል እንኳ መኪና ከሚደርስበት አትለፉ፤ ቀን ሳንቃበር ድረስ በመኪና ወጥታችሁ፣ የጅንባርን ፏፏቴ ከአፋፉ አይታችሁ፣ ማታ ደባርቅ ግቡ። ሐኪሙ ሳያያት ግን ይህንንም አታድርጉ። የጓደኛ ምክር፣ የእኔም ምክር ቢሆን፣ የምርመራ ምትክ አይሆንም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፦ ትልቅ ስፒከር ይዘው፣ ማታ እሳት አንድደው ሊጨፍሩ ነው። ይፈቀዳል?

በፓርኩ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው። «ከውጭ ገዝተን ብናመጣስ?» ለምትሉኝም መልሴ አታንድዱ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ ግጭ አካባቢ የተነሳው እሳት የጓሳ ሣሩንና የአስታ ዛፉን ሲበላ፣ የአካባቢው ሰው ቅጠል ይዞ ከእሳት ጋር ሲታገል የነበረበትን ቀን አልረሳውም። ለማጥፋት ከውጭ አገር ሄሊኮፕተርና የእሳት አደጋ ሠራተኛ እስከ መምጣት ተደርሷል። በበጋ ጓሳ እንደ ክብሪት ነው፤ አስታ ደግሞ ተቃጥሎ መልሶ ጥላ የሚሆነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ ነው የወጣው። ለዚያ ሲባል የግጭ ነዋሪዎች ከአያት ቅድመ አያታቸው ቀዬ ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። እነሱ ቤታቸውን በተዉበት መሬት ላይ እናንተ አንድ ሌሊት ለመጨፈር እሳት ታነዳላችሁ?

ስፒከሩንም ተዉት። ዋልያ ከዚህ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ጭፈራ ከፈለጋችሁ እጅና ጉሮሮ አላችሁ፤ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት እስክስታ ምቱ፣ ከዚያ ሌላውም ቡድን ይተኛ።

ከአንድ ጽዋ ማኅበር፦ በጾመ ነቢያት ብንሄድ ጾሙን እንዴት እናደርጋለን?

በሶና ሽሮ ስላለ ምግቡ አያስቸግርም፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሙ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ከብዙዎች፦ ድንኳን ከየት እንከራይ?

ደባርቅ ይገኛል፤ ጎንደርም አስጎብኚዎች ያከራያሉ። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ግቢ ውስጥ ዘርጉት፣ ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉት፣ ካስማውንም ቁጠሩ።